ለሚኒስትሩ ያወጣሁት ግራ እጅ

ጡረታ የወጡ የትምህርት ሚኒስትር ጣና ዳር ያለውን ትምህርት ቤታችንን ሊጎበኙ መጡ። ርዕሰ መምህራችን ቀድመው፣ «እንግዳው ሲጠይቁ ሁላችሁም እጅ አውጡ፤ የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን» ብለውን ነበር።

እንግዳው በመስኮት እያሳዩ፣ «ያቺ የብረት ጀልባ ለምን አትሰምጥም?» አሉ።

ሁላችንም አወጣን። ቀኝ ያወጡትን ሁሉ አልፈው ግራዬን ወዳወጣሁት ወደ እኔ መጡ።

«እስቲ አንቺ።»

ርዕሰ መምህሩ አፈጠጡብኝ። ክፍል ውስጥ ተናግሬ የማላውቀው እኔ እጄን ሳላወርድ ተነሣሁ።

«አላውቅም! ከመስከረም ጀምሮ የፊዚክስ መምህር የለንም። ግራ ያወጣነው ሁሉ አናውቅም!»



«ገብቶኛል፣ ልጄ» አሉ እንግዳው እየሳቁ። «እኔም መምህር ሳለሁ፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ተማሪዎቼን እንዲህ እጅ አስወጣቸው ነበር። የመጀመሪያ ሹመቴን ያገኘሁትም በዚያ ነው።»