የገርባ ግራ ዓይን

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ቢታሰር ምን ያህል ይሆናል? ይህን ጥያቄ ይዤ ብዙ መጻሕፍት ገልብጫለሁ፤ የገርባን ያህል ግን ያስቸገረኝ የለም። ገርባ ጭቃ መራጊ ነበር፤ ሥራው ባማረ ቁጥር የማይታይ ሰው። እሱ ባለሰለሰው ግድግዳ ላይ አቡጀዲ ይለጠፋል፣ በአቡጀዲው ላይ ሥዕል ይሳላል፤ ምስጋናው ለሥዕሉ ነው።

ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ ወደ አዋሽ መውረጃው ላይ ያለችውን ትንሽ የማርያም ቤተ ክርስቲያን በ1921 ዓ.ም. የመረጋት እሱ ነው። ጭቃውን ከጭድ ጋር ሁለት ሳምንት አቡክቶ፣ በመዳፉ እየዳበሰ የመቅደሱን ግድግዳ እንደ እንቁላል ቅርፊት አደረገው። ዋጋ አልተቀበለም፤ ስእለት ነበረበት። ስለዚህ እንደ ወጉ፣ በእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተንበርክኮ፣ «ተማኅፀነ ብኪ»፣ በአንቺ ተማፀነ፣ ከሚለው ጽሕፈት ጋር እንዲሳል ተፈቀደለት።

ግራ ዓይኑ የለችም። የባቡሩ ሀዲድ ሲዘረጋ ድንጋይ ሲፈልጥ ፍንጣሪ አጠፋት፤ ቆቧም እንደተከደነ ቀረ።

ሠዓሊው አለቃ ንዋይ ከቡልጋ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። እንደ አባቶቻቸው ነው የሚስሉት፤ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኖቹ ያያል፣ ኃጥእ ግን በጎን ይቆማል፣ አንዲቱ ዓይኑ ብቻ ትታያለች። ይሁዳም፣ ጌታን የገረፉትም፣ ሰይጣንም ባለ አንድ ዓይን ናቸው። «ዓይን ብርሃን ነው፤ ለክፉ ግማሹ ይበቃዋል» ይሉ ነበር።

የገበያ ሰው ደግሞ ነገር አያጣም። ሁንዴ የሚባል እህል ነጋዴ፣ «ገርባ! አለቃ ይሁዳን የሳሉት አንተን ፊታቸው አስቀምጠው ነው አሉ!» ይለዋል።

«ውሸት ነው፤ የይሁዳ ጢም ከኔ ያምራል» ብሎ ገርባ ሁሉንም ያስቃል።

እናቷ የሞተችባት የሰባት ዓመት ልጁ ቡዜ ግን አልሳቀችም። አለቃ እስከዚያ የሳሉትን እንድታይ ይዟት ሲገባ፣ ከይሁዳ ሥዕል ፊት ቆማ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች።

«ምነው፣ ትቢያ ገባብሽ?»

«አልገባብኝም። አባኮ፣ እነዚያ ባለ አንድ ዓይኖቹ ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ወደ እሳት ነው ይላሉ።»

«እንግዲያው ብቻህን አትሄድም።»

ከዚያ ወዲያ ደጀ ሰላሙን በረገጠች ቁጥር እጇ ወደ ዓይኗ ይሄድ ጀመር። ይህን ያጫወተችኝ ራሷ ናት፣ ከሸበተች በኋላ።

ገርባ ጨነቀው። አለቃ ንዋይ ዘንድ ሄዶ፣ «አለቃ፣ ፊት ለፊት ይሳሉኝ፣ እንደ ጻድቃኑ። ግራዋን ግን እንዳለች ይክደኑልኝ» አለ።

«አይዞህ፣ አስቤልሃለሁ! ሁለት ሎሚ የሚያካክሉ ዓይኖች እሰጥሃለሁ።»

«ሁለት ከሰጡኝማ ልጄ በምን ታውቀኛለች? አባቷ እንዳለ ከደጎቹ ጋር ቆሞ ትየው።»

ገበዙ መምሬ አብተው ከወዲያ ሆነው ሰምተዋል። «አንተ ሰው፣ የተሰጠህን ትመልሳለህ? በትንሣኤ እኮ ዓይኑ ጠፍቶ የሚነሣ የለም!»

«እሱስ እውነት ነው አባቴ፤ እኔ ግን ገና አልሞትኩም።»

ሁለቱም ሳቁ። በፍቅር ነው የሳቁት፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም ይኸው ነው። ክፋት ቢኖርበት ፍርዱ በቀለለ ነበር። ደግ ሰው ጉድለታችንን ሲሞላልን፣ አንዳንዴ እኛን አንሥቶ ሌላ ሰው በቦታችን እንደሚያቆም ልብ አይልም።

ለግንቦት ልደታ ሥዕሉ አለቀ። ከእመቤታችን እግር ሥር፣ ዓይኖቹ እንደ ሁለት ጨረቃ የፈኩ መልከ መልካም ሰው ተንበርክኳል። ገርባ ቡዜን በክንዱ ከፍ አድርጎ አሳያት።

«የታለህ?»

«ይኸውልሽ።»

ልጅቱ ሥዕሉን አየች፤ ወደ አባቷ ፊት ዞረች፤ እንደገና አየች። «ይሄ ሌላ ሰው ነው» አለች፤ እጇም ወደ ዓይኗ ሄደ።

አለቃ ቀለማቸውን ሸክፈው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ሥዕሉን ማንም አልነካውም። ገርባ ግን እስኪሞት ድረስ፣ በዚያች ደጅ ያለፈውን ቄስና ሠዓሊ ሁሉ እጅ እየነሣ ይለምን ነበር፤ «በሞቴ፣ ጥቂት ጥላሸት። በጣትዎ ብቻ። ግራዋ ላይ።»