ሁለት ጎማና ግማሽ የተቀባ ራስ

የሰፈራችን ፀጉር ቆራጭ ገር ሰው ነው። ሕፃን ሲያለቅስበት መቀሱን አስቀምጦ አብሮ ሊያለቅስ ምንም አይቀረው። ይህ ሰው ይበቀላል ያለኝ ቢኖር ስቄ እሸኘው ነበር። አሁን ግን በዓይኔ አይቻለሁና ልንገራችሁ፤ እየጻፍኩ እንኳ ሳቄ አላስቀምጥ ብሎኛል!

ሰውዬው ከምንም በላይ ሚስቱንና ሞተሩን ይወዳል። ሞተሩ ክሩዘር የሚሉት ዓይነት ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ከባድ፣ እግርን ወደ ፊት ዘርግተው የሚነዱት። እኛ «ሶፋው» እንለዋለን። እሁድ እሁድ ልብስ ሰፊዋን ሚስቱን ከኋላ አስቀምጦ ሲያልፍ መንገዱ በስማቸው የተመዘገበ ይመስል ነበር።

ጎማዎቹ ሲያልቁ ሌላ የገዛው ከማዶ ካለው ጎማ ሻጭ ነው። ሻጩ የሚስቱ የአክስት ልጅ ነው፤ ሥጋ ዘመድን ማን ይጠረጥራል? ያ ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ግን መጋዘን ውስጥ ሲደርቅ የኖረ ጎማ በጫማ ቀለም አብርቶ ገጠመለት። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ሶፋው መታጠፊያው ላይ ተንሸራተተ። እሱ ተላላጠ፤ የእሷ ክንድ ተሰበረ። ክንዷ ሲድን «ሁለተኛ እዚያ ላይ አልወጣም» አለች። ሻጩ ደግሞ «እሷ ከብዳ ነው እንጂ ጎማውስ ደህና ነበር» እያለ ለሰፈሩ አወራ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ፀጉር ቆራጩ ሞተሩን ደጁ ላይ ሸራ አልብሶ ቀኑን ይጠብቅ ጀመር። ጎማ የሚያጠቁር ሰው ሽበቱንም ያስጠቁራል፤ አንድ ቀን እግሩ እንደሚያመጣው ያውቃል።

አመጣው። እኔ ተራዬን እየጠበቅኩ ነበር።

«ዛሬ የማገባት ልጅ ቤተሰብ ሊያዩኝ ነው፤ አሳምረኝ!»

ፀጉር ቆራጩ የቀኙን ግማሽ ጥቁር አድርጎ ቀባና ብሩሹን አስቀመጠ።

«ምነው ቆምክ?»

«ጎማ አማረኝ።»

«ምን?»

«ለሶፋው የፊትና የኋላ። ግራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።»

«አንተ ሰው፣ ጤና የለህም እንዴ!»

ሻጩ ፎጣው አንገቱ ላይ እንደታሰረ ወደ ሱቁ ተሻገረ። ፀጉር ቆራጩ ሶፋውን እየገፋ፣ እኔም ተራዬን ጥዬ ተከተልነው። የሚያብለጨልጭ ጥንድ ጎማ አወረደ። «ይሄ ብረት ነው በለው!»

«ጥሩ፣ ይገጠም። ከኋላ የምትቀመጠው ግን አንተ ነህ።»

ሻጩ ማካፋት የጀመረውን ሰማይ አየና ጎማውን መለሰ። «ይሄ እንኳ ትንሽ ይደርቃል...» ሌላ አመጣ።

«ትቀመጥበታለህ?»

«ይሄ... ለአንድ ሰው ነው እንጂ ለሁለት አይሆንም...»

በመጨረሻ ከጓዳ እንደተጠቀለለ አንድ ጥንድ ይዞ ወጣ። ምንም አያብለጨልጭም፤ ላስቲኩ በጥፍር ሲጫኑት እሺ ይላል፤ ውሃ የሚያስወጣው ቦይ ጥልቅ ነው። «ለራሴ ሞተር ያስቀመጥኩት ነው» አለ በቀጭን ድምፅ።

«እንግዲያው ደህና ጎማ ምን እንደሚመስል ታውቅ ኖሯል!»

ጎማው ተገጠመ። «በል አሁን ቅባኝ» ቢለው፣ «መጀመሪያ ሶፋው ላይ ውጣ» አለው።

ሄዱ! ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ ራስ በዝናብ ውስጥ፤ ቀለሙ በጆሮው ይወርዳል፤ ፎጣው ይውለበለባል። እኔ በእግሬ ከኋላ እሮጣለሁ። ያቺ መታጠፊያ ላይ ሲያዘነብለው ሻጩ «እማዬ!» ብሎ ወገቡ ላይ ተጠመጠመ። ሶፋው ግን ንቅንቅ አላለም።

ልብስ ስፌቱ ደጅ ቆሙ። ሚስትየው ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች ወጣች። ሰፈሩም ወጣ።

«እህቴ፣ በናትሽ አስወርጂኝ! ጎማው አሮጌ ነበር፤ አውቅ ነበር። አንቺ አልከበድሽም!»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አሁን ታዝንለታለች ስል፣ ዞራ ባሏን ጠየቀችው።

«መሬቱን ይዟል?»

«እንደ ሙጫ።»

«እንግዲያው አንድ ዙር ጨምርለት፤ በልጅቷ ቤተሰብ ደጅ በኩል። ከዚያ አውርደውና ወንበሩን ጠርገህ እኔን ውሰደኝ።»