ከበሮው ዝም የሚልበት ደጃፍ

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ለምን» ይላታል። ልብስ ሰፊ ናት። የደንበኛዋን ወገብ ልትለካ ሜትሯን ስታዞርበት፣ ስፒሎቿን በከንፈሯ እንደያዘች ጥያቄዋን ትለቅበታለች። የሙሽራ ቀሚስ ለምን መሬት ይጠርጋል? የወንድና የሴት ቁልፍ ለምን በተለያየ በኩል ይተከላል? መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል፤ አጎቴ ግን በሕይወት ሳለ «የኔዋን ያደረጋት ነገረኛ ነው» እያለ ይስቅባት ነበር።

ከጥያቄዎቿ ሁሉ እንቅልፍ የነሳት ግን አንድ ነው። በየዓመቱ የነጻነት በዓል ሲከበር ሰልፉ ከባቡር ጣቢያው ተነስቶ፣ ትልቁን ከበሮ አስቀድሞ፣ በእኛ መንገድ ያልፋል። ታዲያ አክስቴ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ከበሮው ዝም፣ መለከቱ ዝም፤ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ጥቂት ቆይቶ ከበሮው ይመታና ሰልፉ ይቀጥላል። በመንገዱ ላይ ባንክ አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ የሹሞች ቤት አለ። አንዱም ጋ አይቆሙም። ለምን እሷ ደጃፍ ብቻ?

መልስማ ሞልቷል። በትምህርት ቤት የተማርነው፣ ባንዲራ ተሸካሚ ጀግና እዚያ ቦታ ላይ ወድቆ ነው የሚል ነው። አክስቴ ስሙ ማን ነው፣ የማን ልጅ ነው፣ ፊት ለፊቱ ያኔ ረግረግ ከነበረ ተኳሹ የት ቆሞ ነበር እያለች ሽማግሌዎቹን ታስጨንቃለች። አንዱ ጀግናው ረጅም ነበር ይላታል፤ ሌላው እጁን ሲመቱት ባንዲራውን በጥርሱ ይዟል ይላል። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት አይደል የሚባለው።

ዘንድሮ የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሱሪውን ሊያሰፋ መጣ። መድኃኒት ቤት ያለው፣ ደግ፣ ሆዱ ከዓመት ዓመት የሚቀድመው ሰው ነው። እጆቹን አንስቶ እየተለካ፣ ሰልፉ ስለረዘመ እንግዶቹ በፀሐይ እየደከሙ መሆናቸውን፣ እሷ ደጃፍ ያለው ማቆሚያም እንደሚቀር ነገራት። 

«እትዬ፣ ስም የለውማ፤ ስም ለሌለው ሰው እስከ መቼ እንቆማለን? የጀግናው ስም ከተገኘ ግን እብነ በረድ ላይ አስቀርጸን ግድግዳሽ ላይ እንተክልለታለን» አላት።

ሱሪውን ሊወስድ እስኪመለስ ድረስ ጊዜ ሰጣት። አክስቴ በየበዓሉ መቀሷን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ያቺን ዝምታ ትጠብቃለች፤ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ የራሷ ያህል ትወዳታለች። አሁን ምክንያቷን ሳታውቅ ልታጣት ነው።

መልስ ሳይሰጧት የቀሩት አንድ ሰው ነበሩ፤ የድሮው ከበሮ መቺ፣ የአባቷ ጓደኛ። ከዚህ በፊት ስትጠይቃቸው «ከበሮ መቺ ምን ያውቃል? መምታት ነው» እያሉ ይሸኟት ነበር። አብሬያት ሄድኩ። ልጃቸው ቤት፣ መስኮት አጠገብ፣ እግራቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ጣቶቻቸው ዛሬም የወንበሩን ክንድ ይመታሉ።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ሊያስቀሩት ነው» አለቻቸው።

ጣቶቹ ቆሙ። እሷን ሳያዩ ተናገሩ።

«ያን ዓመት ከበሮዬን አንግቼ ስመጣ አባትሽ አንቺ ያለሽበት ቤት ደረጃ ላይ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። ለቅሶ ቤት ደጃፍ ከበሮ ይመታል እንዴ? እጄን አወረድኩ። ከኋላ ያሉት ትእዛዝ መስሏቸው ቆሙ። በዓመቱም እዚያው ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። በሦስተኛው ዓመት እኔ ባልቆምም እነሱ ይቆሙ ነበር።»

«ማን ሞቶ ነው?»

«እናትሽ። አንቺን ወልዳ፣ ወዲያው።»

አክስቴ የምታውቀው እናቷ እሷ ድክ ድክ ስትል ታማ መሞቷን ነው። ልደቷ ሲከበር የኖረውም ከበዓሉ በኋላ ባለው ወር ነበር። ቀኑን ያዛወረው አባቷ ነው፤ ልጄ ሰው ሁሉ ሲጨፍር የእናቷን ሞት እያሰበች አትደግ ብሎ። ጎረቤቱም፣ ዘመዱም ሆድ ይፍጀው ብሎ ተስማማ። አንድ ባንድ ሲያልቁ ምስጢሩ ሽማግሌው ጋ ብቻ ቀረ።

«ጀግናውስ?» አለች።

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። ትንሽ ልጅ ሳለች ለምን ይቆማሉ እያለች አባቷን መግቢያ መውጫ ስታሳጣው፣ ጀግና ሞቶበት ነው ብሎ እንደገላገላት ነገሯት። እሷ ክፍሏ ውስጥ ቆማ ተናገረችው፤ አስተማሪው አስጨበጨበላት፤ ለሌላው ክፍልም አስተማረው። ባንዲራው በኋላ የመጣ ጭማሪ ነው። ዕድሜ ልኳን የወሬውን ምንጭ ስትፈልግ የኖረችው ከራሷ አፍ የወጣውን ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

አክስቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ፈራሁላት።

ሰብሳቢው ሱሪውን ሊወስድ ሲመጣ የእናቷን ስም ከነአባቷ ነገረችው። የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈው። የሴት ስም መሆኑን ሲያይ ደስ አለው፤ ባንዲራ ተሸካሚዋ ሴት መሆኗን ማን አውቆ ይላል።

«እትዬ፣ በየትኛው ውጊያ እንደሞተች ከታች መጻፍ አለበት» አላት።

አክስቴ እውነቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችው። ሰውዬው መንገዱን አየ፣ ደረጃውን አየ። በመጨረሻ፣ እንዳይከፋት እየተጠነቀቀ፣ ስሟ ይቀረጽ፣ ማቆሚያውም ይቆይ፣ «ጀግና» የሚለውን ቃል ግን እናውጣው ወይ ብሎ ጠየቃት።

አክስቴ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠች።

«ለምን?» አለችው።