ፋቲሃ የምታስጨርስ ራዲዮ

ባለፈው ሰሞን ጎረቤታችን የብየዳ ማሽኑን ሲያስነሳ የሰማሁት «እዝዝዝ» የሚል ድምፅ ከሠላሳ ዓመት በፊት ወደነበረው የከሚሴ ቤታችን ወስዶ ወለሉ ላይ አስቀመጠኝ፤ የድሮው ንዴቴም አብሮ መጣ። የአያቴ የመኪና ራዲዮ ባትሪ ሲነካት የምታሰማው ድምፅ እሱ ነበር። እዝ ትላለች፣ እዝ ትላለች፣ ከዚያ ምንም። አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይህንኑ ስንሰማ ኖርን።

አያቴ በጉልምስናው በደሴ መንገድ ሎንቺና ይነዳ ነበር። ሎንቺናዋ አርጅታ ተፈታትታ ስትሸጥ ራዲዮዋን ብቻ አስቀረ። ውስጧ የተደረደሩት ብርጭቆ አምፖሎች ግለው እስኪቀሉ ድረስ ቃል የማይወጣት የድሮ ራዲዮ ነበረች። አያቴ ጠዋት መሪው ላይ ተቀምጦ፣ ራዲዮዋን ከፍቶ፣ እስክትሞቅ ድረስ የቁርአኑን መክፈቻ ፋቲሃን ይቀራ ነበር፤ እሱ «አሚን» ሲል እሷም መናገር ትጀምራለች። መንገድ የሚጀምረው በዚህ ነበር። ዓይኑ ከጠፋና ጉልበቱ ከደከመ በኋላ ከዚህ ዓለም የቀረው ምኞት አንድ ብቻ ነበር፦ ሳይሞት እሷን ደግሞ መስማት። ሌላ ራዲዮ ስናቀርብለት «ያቺ እኮ ፋቲሃዬን ታስጨርሰኝ ነበር» እያለ ይመልሰን ነበር።

ሥራው የተጀመረው በክረምት ነው። አባቴ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ነበር፤ እጁ ወርቅ ነው፣ ቀጠሮው ግን አያድርስ። የራዲዮዋ መለያ ጽሑፍ ተፍቆ ስለጠፋ በስንት ቮልት እንደምትሠራ አይታወቅም ነበርና፣ ከሎንቺና የወጣች ናት ብሎ ገምቶ ከአሥራ ሁለት ቮልት ባትሪ ጋር አገናኛት። አንዷ አምፖል ቦግ ብላ ተቃጠለች። ይሄን ጊዜ አያቴ ከመደቡ ላይ ሆኖ፣ ሎንቺናዋ ሁለት ባለ ስድስት ቮልት ባትሪዎች እንደነበሯት፣ ራዲዮዋ ግን ከአንዱ ብቻ ትወስድ እንደነበር ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ምነው አባባ፣ ቀድመህ ብትነግረኝ?» አለ አባቴ።

«መች ጠየቅከኝ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ጥንቃቄ ያዘው፤ ጥንቃቄው ደግሞ ከስህተቱ የባሰ ሆነ። በጋውን ሙሉ ሰኞ ባቲ፣ እሑድ ሰንበቴ እየወረደ ከብረታ ብረት ሻጮች ዘንድ ለተቃጠለችው አምፖል ምትክ ፍለጋ የሞተ ራዲዮ ሁሉ እየለቀመ ይመጣ ነበር። ቤት ሲገባ እግሩን እንኳ ሳይታጠብ የቁልፍ ቀዳዳቸውን ይቆጥራል፣ ያሸታል፣ በጥፍሩ ዝገት ይፍቃል፤ ምንነቱን ያላወቀውን ላለመንካት ምሎ ስለነበር መለያ ያጣበትን ሳይከፍት አልጋ ሥር ይገፋዋል። የባትሪው አሲድ የእናቴን መስገጃ በሦስት ቦታ በሳው። አንድ ቀን ልክክ ብላ የገባች አምፖል ተገኝታ ዘመድ ጎረቤት እልል ሊል ሲል፣ እሱ መልሶ ነቀላት። «ገባች እንጂ የሷ አይደለችም» አለ። እኔ በንዴት የማደርገው ጠፋኝ።

«የዘሃራ አባት፣ ወላሂ ልታሳብደኝ ነው!» አለች እናቴ። «ሽማግሌው እያሉ አድርስላቸው እንጂ!»

«ይደርሳል» አለ አባቴ፣ ቀና ሳይል።

በጋው ሊወጣ ሲል እናቴና እኔ ትዕግሥታችን አለቀ። አባቴ ባቲ በወረደበት ሰኞ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ትንሽ ራዲዮ ተውሰን አባቴ ውስጡን ባወጣለት የአያቴ ራዲዮ ባዶ ሣጥን ውስጥ ከተትንና አያቴ ጭን ላይ አስቀመጥንለት። ሣጥኑን በሁለት እጁ ዳሰሰው፤ ያ የከሰመ ፊቱ በራ። ትልቁን ቁልፍ ሲያዞር እኔ ከኋላ ጣቴን አስገብቼ ትንሿን ከፈትኳት። አያቴ ገና «ቢስሚላሂ» ከማለቱ የራዲዮዋ ሰውዬ ዜናውን ማንበብ ጀመረ።

«ቱሪ!» አለ አያቴ፣ ቆይ ማለቱ ነው። «ቱሪ እንጂ! ፋቲሃዬ መች አለቀ?»

«አባባ፣ የአንቱዋ ናት እኮ» አለች እናቴ።

«የኔዋ ሰው ትጠብቅ ነበር።» ሣጥኑን ከጭኑ ላይ አንስቶ ወደ እኔ ገፋው። «ዝጊያት ዘሃራዬ። ለአባትሽ እንዳትነግሪው፣ ያዝናል። ይሠራታል፣ እኔ እጠብቀዋለሁ።»

ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ያታለልኩት እኔ ሆኜ ሳለ የተናደድኩት በአባቴ ነበር።

አያቴ ግን አልጠበቀም። የበልጉ ዝናብ በገባ በሳምንቱ ትኩሳት ይዞት በአምስተኛው ቀን ሞተ።

አርባው ሳይወጣ እናቴ ቤቱን ስታጸዳ አልጋ ሥር የተከማቸውን ብረት ሁሉ ጎትታ በረንዳ ላይ ወረወረችው። አንደኛው ሣጥን ወድቆ ተከፈተ። አባቴ ጎንበስ ብሎ አየና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ከባቲ ያመጣው፣ መለያ የለውም ብሎ የገፋው ነበር፤ የምንፈልጋት አምፖል ደህና ሆና ውስጡ ተሰክታለች። ከመስከረም ጀምሮ እዚያው ነበረች።

«አልጋችን ሥር?» አለች እናቴ።

አባቴ አምፖሏን ገጠመ፣ ባለ ስድስት ቮልቱን ባትሪ አገናኘ። እዝዝዝ አለች። የምናደርገው ስናጣ አባቴ እጁን ዘርግቶ ለአባቱ ፋቲሃ መቅራት ጀመረ፤ እናቴና እኔም እጃችንን ዘረጋን። አምፖሎቹ ቀስ በቀስ ቀሉ። «አሚን» ብለን ፊታችንን ስናብስ ራዲዮዋ ተናገረች። ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ነበር። ማንም አልዘጋትም፤ ቆመን እስከ መጨረሻው ሰማነው።

አባቴ ዛሬ ሸምግሏል፤ ያቺን ሰኞ ያደረግነውን እስካሁን አልነገርኩትም። እኔ የራሴን መኪና እነዳለሁ። ጠዋት ቁልፉን ስጠመዝዘው ራዲዮው ከሞተሩ ቀድሞ ይጮኻል፤ ልጆቼም ከኋላ ሆነው «ጨምሪው!» ይሉኛል፤ እኔ ገና ቢስሚላህ ላይ ነኝ። ቱሪ እለዋለሁ። አይሰማም።