ለሹፌሮች የመጣው ድንጋይ

ገሳይ ከተማ ላይ ሻይ እየጠጣን ነው የያዙን። ማዳበሪያ የጫኑ መኪኖቻችን ከከተማው መውጫ ዳር ተሰልፈው ቆመዋል። ከፖሊሶቹ አንዱ ገና ከበሩ ሳያልፍ «መሪው ማነው?» ብሎ ጮኸ። ከአዳማ የመጣ አንድ አፉን የማይጠብቅ ባልደረባችን «መሪውማ መኪናው ላይ ነው፤ ስንወርድ ነቅለነው አንወርድም» አለው። ፖሊሱ በጥፊ አጮለው። ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ባለ ሻይ ቤቷ ጨርቅ ይዛ መጥታ ጠረገችና፣ ማናችንንም ቀና ብላ ሳታይ ተመለሰች።

መንገድ ዘግታችኋል ተባልን። አልዘጋንም። ዳር ይዘን፣ የእጅ ፍሬን ስበን አቁመን፣ የቀጠረን የጭነት ድርጅት ዘንድ ደውለን «ውሉ ካልተስተካከለ አንነዳም» አልን፤ ያደረግነው ይኸው ነው። አዲሱ ውል ጭነቱ ላይ የሚደርስ ጉዳት ሁሉ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ በሹፌሩ ነው ይላል። መኪናው መንገድ ላይ ከተበላሸም ተጠግኖ እስኪነሳ ድረስ ደመወዝ አይታሰብም ይላል። ድርጅቱ የሚሰጠን ሸራ ደግሞ ወንፊት ነው። ባለፈው ጭነት ጉና ተራራ ላይ ዝናብ ሲይዘን ማዳበሪያው ራሰ፤ ራሰ ተብሎም፣ ውሉን ገና ሳንፈርመው፣ ከሁላችን ደመወዝ ተቆረጠ። የሸራው ቀዳዳ የድርጅቱ፣ ዝናቡ የኛ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር የጠየቀ ሰው ባንድ ቀን ስሙ ይቀየር ነበር። ጣቢያ ስንደርስ ሹፌርነታችን ቀርቶ «ማዳበሪያ ከገበሬው እጅ እንዳይገባ ያሴሩ ጸረ ልማቶች» ሆነን አገኘነው።

ደብረ ታቦር ወስደው ያጎሩን ክፍል ቀድሞ ዕቃ ቤት የነበረ ይመስለኛል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ጥግ ላይ ክዳን የሌለው ባልዲ አለ፤ ሽንታችንን የምንሸናው እዚያ ነው። ባልዲውን ተረኛ ይደፋዋል፤ ተረኛው ግን ጠባቂው ደስ እስኪለው ይጠብቃል፤ ጠባቂውን ደግሞ ቶሎ ደስ አይለውም። ግድግዳው ከወገብ በታች ከኛ በፊት በነበሩ ሰዎች የጀርባ ወዝ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ብርዱ ሲጠናብኝ ልደገፈው ብል ሸሚዜ ተጣበቀበት። ቀፈፈኝ። ዛሬም ያ ግድግዳ ትዝ ሲለኝ ጀርባዬን አካለሁ።

ከባልዲው የባሰው የስንቅ ፍተሻው ነበር። ፈታሹ አንዲት ሽቦ አለችው። በዚያችው ሽቦ የእስረኛውን ሁሉ ወጥ ያማስላል፤ ከአንዱ ሳህን አውጥቶ፣ ሱሪው ላይ ጠረግ አድርጎ፣ ወደ ሌላው ይነክራታል። ወጥ ውስጥ ምን ሊያገኝ እንደሚፈልግ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እኔ የወልድያ ልጅ ነኝ፤ የሌሎቹም አገር ሩቅ ነው። ለሁላችንም ስንቅ የሚያመጡልን የፋዘር ባለቤት ነበሩ። «ፋዘር» የምንላቸው ከሁላችንም በዕድሜም በሥራም የሚበልጡትን አንጋፋ ሹፌር ነው። የተወለዱትም፣ ትዳር የመሠረቱትም እዚያው ጉና ሥር ነው፤ የጫኑትን ማዳበሪያ ከሚጠብቁት ገበሬዎች አንዱ የገዛ ወንድማቸው ነበር። ባለቤታቸው የገብስ ቂጣና የድንች ወጥ ይዘው ይመጣሉ። ፋዘር ቂጣውን አብረውን ይቆርሳሉ፤ ወጡን ግን አይነኩም።

«እናንተ ብሉ» ይሉናል። «ልጆች ናችሁ፣ ሆዳችሁ አይጸየፍም።»

የኔ ሆድ ይጸየፍ ነበር፤ ግን በላሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጣቢያው ኢንስፔክተር አስጠራን። ያን ቀን ቁጣ የለም፤ ሰውዬው ማር ሆኖ ነበር።

«ነገ ሽማግሌ ይመጣል» አለን። «ባለ ድርጅቱም ራሱ ይገኛል። እንዳገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክማችሁ ይቅርታ ትጠይቁታላችሁ። ከዚያ አዲሱን ውል ፈርማችሁ፣ መንጃ ፈቃዳችሁን ተቀብላችሁ ወደ ሥራችሁ። እምቢ ካላችሁ ግን ነገሩ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ አሻጥር ነው የሚባለው። መንጃ ፈቃዳችሁንም እርሱት።»

መንጃ ፈቃድ የሌለው ሹፌር ምን እንደሆነ ሹፌር ያውቀዋል። ከመንዳት ሌላ የማውቀው ሥራ አልነበረኝም።

ወደ ክፍሉ ስንመለስ መጀመሪያ የተናገረው የአዳማው ነው። «ምናለበት? ጎማ ስንሸከም የምንውል ሰዎች ለአንድ ድንጋይ እንሞታለን እንዴ?»

ፋዘር ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«ክብደቱን አይደለም እኮ ልጄ» አሉት። «እዚህ አገር ድንጋይ የሚሸከም የበደለ ነው። ነፍስ ያጠፋ ይሸከማል፤ ወላጁን የመታ ይሸከማል። ተበዳዩ ከአንገቱ ላይ ሲያወርድለት እርቅ ሆነ ይባላል። አንተ ነገ አዳማህ ትገባለህ፤ እኔ ግን እዚሁ ነኝ። ሴት ልጄ ታጭታለች። አባቷ ድንጋይ ተሸክሞ ታረቀ ከተባለ፣ ምን ሰርቆ ነው? ማንን ገድሎ ነው? ይላሉ። ዝናብ ነው ብትል ማን ያምናታል?»

«ታዲያ ምን ይሻላል ፋዘር?» አልኳቸው።

«እንጃ። እስቲ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን ልያቸው።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ አወጡን። ግቢው ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ባለ ድርጅቱ ባለ መደገፊያ ወንበር ተሰጥቶት፣ የቆዳ ጃኬቱን እንደለበሰ መሃላቸው ተንፈላሷል። ለኛ የተዘጋጀ ወንበር የለም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቁርሳቸውን ከማን ጋር እንደበሉ ያስታውቃሉ፤ አንደኛው ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል፣ ሁለተኛው ከንፈሩ ላይ ያለውን ቅቤ እንኳ አልጠረገም። እኛ ስንቀርብ ባለ ድርጅቱ መሐረቡን ወደ አፍንጫው ወሰደ። መሽተታችን እውነት ነው፤ የሸተትነው ግን እሱ ባሳጎረን ክፍል ነው። በሕይወቴ ብዙ ሰው ጠልቻለሁ፤ እንደዚያች መሐረብ ያንገሸገሸኝ ነገር ግን የለም።

ድንጋዩን መሃል ላይ አኑረውታል። የጣቢያውን የአበባ መደብ ለማስጌጥ ዙሪያውን የተደረደሩ በኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ነበሩ፤ ከነሱ አንዱን ነቅለው ነው ያመጡት። እኛን ለማዋረድ እንኳ ደህና ድንጋይ መፈለግ ታክቷቸዋል።

ሦስተኛው ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ፋዘር ሲያዩዋቸው ክው አሉ። የንስሐ አባታቸው ነበሩ። ባለ ድርጅቱ ሆን ብሎ ከጉና ሥር በመኪና ያስመጣቸው፣ ፋዘር ሌላውን ሁሉ እምቢ ቢሉ የንስሐ አባታቸውን እምቢ እንደማይሉ አውቆ ነው። ፋዘር ቀርበው መስቀል ተሳለሙና ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

«እንግዲህ» አለ ጥርሱን የሚጎረጉረው፣ «ሰይጣን ገብቶ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ልጆቹ አጥፍተዋል፣ ጌታውም ይቅር ባይ ነው። ታላቅየው ይጀምር፤ ያንሳና ይሸከም።»

ምን ሆናችሁ ብሎ የጠየቀን የለም። ግራ ቀኝ ሳይሰሙ ፈርደው ነው የመጡት።

ፋዘር ወደ ድንጋዩ ሄደው ጎንበስ አሉና በሁለት እጃቸው አነሱት። እኔ አንገታቸው ላይ ሲያደርጉት ላለማየት ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ። ኢንስፔክተሩ «ጎሽ» ሲል ሰማሁ። ቀና ስል ግን ፋዘር ድንጋዩን እንደታቀፉ ወደ ወንበሮቹ እየተራመዱ ነው። ከባለ ድርጅቱ ፊት ለፊት መሬት ላይ አኖሩት፣ ላዩን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉና ተቀመጡበት።

ባለ ድርጅቱ እግሩን ወደ ወንበሩ ሰበሰበ።

«ምን ማለት ነው ይሄ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ሽምግልና ነው ብላችሁናል» አሉ ፋዘር፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «በሽምግልና ከሳሽም ተከሳሽም ቁጭ ብሎ ነው የሚነጋገረው። ወንበር አጥቼ ነው፣ አትቀየሙኝ። አሁን ጀምሩ።»

የአዳማው ፍርፍር ብሎ ሳቀና መሬቱ ላይ ዘፍ አለ። እኔም ተቀመጥኩ፤ የቀሩትም ተቀመጡ። መሬቱ የዝናብ ጭቃ ነበር፤ ቅዝቃዜው ሱሪዬን አልፎ ገባ። ከታሰርኩ ወዲህ ያልቀፈፈኝ ነገር ቢኖር ያ ጭቃ ብቻ ነው።

«ተነሱ! ተነሱ ብያለሁ!» ኢንስፔክተሩ ዱላውን ይዞ ወደኛ መጣ።

ቄሱ እጃቸውን አነሱ። «ተዋቸው፣ ይቀመጡ። ገና መች ሰማናቸው?» ወደ ፋዘር ዞረው «በል አንተ፣ ንገረን» አሉ።

ፋዘር ተናገሩ። አልከሰሱም፣ አላለቀሱም። ውሉ ምን እንደሚል፣ ሸራው ምን እንደሚመስል፣ ጉና ላይ ዝናቡ እንዴት እንደያዘን፣ ከዚያም ምን እንደተደረግን ብቻ ነገሯቸው። ቄሱ እስኪጨርሱ ሰምተው ወደ ባለ ድርጅቱ ዞሩ።

«ሸራው የማን ነው?»

«አባ፣ ይሄ እርስዎን አይመለከትም፤ የውል ጉዳይ ነው።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ሸራው የማን ነው?»

ባለ ድርጅቱ ስልኩን አውጥቶ ይነካካ ጀመር። ማንም አልደወለለትም። ጥርሱን የሚጎረጉረው ሽማግሌ «አባ፣ ይቅር እንግዲህ፣ ነገር አናብዛ» አላቸው። ቄሱ ብድግ ብለው ነጠላቸውን አጣፉ።

«እኔን ያመጣችሁኝ ይህ ሰው በድሏል ብላችሁ ነው» አሉ። «ይህ ሰው አልበደለም። ያልበደለን ድንጋይ አሸክሜ እግዚአብሔር ፊት ምን ልል ነው?»

ያመጣቸው መኪና በር ተከፍቶ ቢጠብቃቸውም አልገቡበትም። መቋሚያቸውን ይዘው በእግራቸው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ተአምር አልተፈጠረም። ወደዚያው ክፍል፣ ወደዚያው ባልዲ መለሱን። የዚያን ዕለት የፋዘር ባለቤት ያመጡትን ስንቅ በር ላይ መለሱት። ፋዘር ሱሪያቸው ላይ የቀረውን ኖራ እያራገፉ «እሰይ፣ ዛሬ ወጡ ከሽቦ ዳነ» አሉና ሳቅን። ፍርድ ቤት የተባለው ሳይመጣ ቀርቶ አንድ ጠዋት «ውጡ» ተባልን፤ ለምን እንደታሰርንም ለምን እንደተፈታንም የነገረን የለም። የኔና የሌሎቹ መንጃ ፈቃድ ተመለሰልን። የፋዘር ብቻ «ጠፋ» ተባለ። «እንፈልጋለን፣ ተመላልሰው ይጠይቁ» አላቸው ጸሐፊው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ፋዘር ቢመላለሱም አላገኙትም፤ በመጨረሻ ተዉትና ከወንድማቸው ጋር ድንች መኮትኮት ያዙ። ዳግመኛ መኪና አልነዱም።

ልጃቸው ስትዳር ሠርጉ ላይ ነበርኩ። ከወንዱ ወገን የመጡ አንድ አዛውንት ከጎናቸው ለተቀመጠው እንግዳ ሙሽራይቱን በአገጫቸው እያመለከቱ «የዚያ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ያለው ሹፌር ልጅ ናት» ሲሉ ሰማኋቸው። በኩራት ነው ያሉት።

ድርጅቱ ዛሬም አለ፤ መኪናውም በዝቷል። ባለቤቱን ደብረ ታቦር ሳልፍ አንዳንዴ አገኘዋለሁ። ፊቴን ያስታውሰው አያስታውሰው አላውቅም፣ ሰላም ሊለኝ እጁን ይዘረጋል። እኔ አልጨብጠውም። ጊዜ ሁሉን ያስረሳል ይላሉ፤ ጥላቻዬ ቀንሶ ይሆናል፣ መጸየፌ ግን እንዳለ ነው።

በቀደም የእህቴ ልጅ ሥራ አገኘሁ ብሎ እየፈነደቀ ቤቴ መጣ። የተቀጠረው እዚያው ድርጅት ነው። ውሉን አውጥቶ «እስክሪብቶ አለህ አጎቴ? መኪናው ጭኖ እየጠበቀኝ ነው» አለኝ። ቆሞ፣ ወረቀቱን በሩ ላይ አስደግፎ ሊፈርም ነው። ወንበር ስቤ ቁጭ በልና አንብብ አልኩት። ሳይወድ ተቀመጠ። እያጉረመረመ ጀመረ፣ ቀስ በቀስ ማጉረምረሙን ተወ፣ ከገጹ ግርጌ ሲደርስ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አድርጎ ቀና አለ።

«አጎቴ፣ ዝናብ ቢያበላሸውም የምከፍለው እኔ ነኝ?»

«እኛ የታሰርነው» አልኩት፣ «ይህችኑ ጠይቀን ነው።»