የእናቴ ፉሺያና የእኔ መቀስ

ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ሲፈርስ ዕቃውን ሁሉ እኛ ልጆቿ ተሸከምን። እናቴ ግን በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን የተከለቻትን የፉሺያ አበባ አቅፋ ወጣች። አበባዋ ስለሚንጠለጠል «ጉትቻዬ» ነው የምትላት። ከዚያ ግቢ የቀረላት ተክል እሷ ብቻ ነበረች፤ ቂርቆስ የተከራየነው ቤት በረንዳ ላይ አስቀመጠቻት።

ክረምቱ ሲወጣ ጫፎቿ አበጡ። አዲስ ቅጠል መሆን የነበረበት ሁሉ ቀልቶና ተጣሞ፣ የፈላ ውሃ እንደላጠው ጣት ተጨማደደ። የጎረቤት ሴቶች እያዩ ከንፈራቸውን መጠጡ። «የሰው ዓይን ነው የበላት» አሉ፣ እናቴም አመነች። ጸበል ትረጫት ጀመረች፤ ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥራ ግንዷ ላይ አሰረችላት። ጫፎቿን በእጇ እያሻሸች ትጸልያለች፤ በዚያው እጇ ደግሞ ከእሷው ቆርጣ አጠገቧ የተከለቻትን ትንሿን ትዳብሳለች። ብዙም ሳይቆይ ትንሿም አበጠች።

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ደሜ ፈላ። አንድ ጫፍ ቀንጥሼ ትምህርት ቤት በማይክሮስኮፕ አየሁት። ረዘም ያሉ ነጫጭ ተባዮች እየተረጋገጡ ለምለሙን ይመጠምጣሉ። በዓይን አይታዩም፤ በእጅና በልብስ ይጋባሉ። እብጠቱ ውስጥ ስለተሸሸጉ ፍሊት አይደርስባቸውም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባልበት ጊዜ አልፏል፤ የቀረው ቆርጦ ማንደድ ነው። በሕይወቴ እንደነሱ የጠላሁት ፍጡር የለም።

ቤት ገብቼ መቀሱን አነሳሁ።

«እማዬ፣ ዓይን አይደለም፣ ተባይ ነው። የሚያዛምተው ደግሞ እጅሽ ነው!»

በከዘራዋ ትከሻዬን አለችኝ። ሳልዞር ቆረጥኩ። ደገመችኝ፤ እኔም ሌላ ቅርንጫፍ ደገምኩ። «አራጅ! ምን አደረገችሽ!» ትላለች። ጉቶዋ ብቻ ሲቀር ቁርጥራጩን የከሰል ምድጃው ላይ ጣልኩት፤ እየተንጣጣ ነደደ። ትንሿንም ከነሥሯ መንግዬ ጨመርኳት። ትከሻዬ ሰንበር አወጣ። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከጉቶው ንጹሕ ቡቃያ ወጣ፤ እናቴም አኮረፈችኝ እንጂ መምታቱን ተወች። አንድ ማለዳ ግን ቡቃያው እንደገና ቀልቶ አገኘሁት። ቤቱን በረበርኩ። በእናቴ ክፍል መስኮት ላይ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከእሳቱ የሰረቀችው ቅርንጫፍ በቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ ቆሟል፤ አብጧል።

«ይኸው! ገዳይዋ አንቺ ነሽ!» ብዬ ጮኽኩ።

ቆርቆሮውን ከእጄ ነጠቀችኝ። የምትመታኝ መስሎኝ ክንዴን አነሳሁ። እሷ ግን ያበጠውን ጫፍ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ በረንዳ ወጥታ ከጉቶው ቡቃያ ጋር አስተያየችው።

«ደግመሽ ልትቆርጫት ነው?»

«አዎ።»

«በቃ፣ ተይ። ቤቴን ሌላ ሰው አፈረሰብኝ። እሷን እንኳ እኔ ልግደላት።»

ጉቶውን በሁለት እጇ ጨብጣ ነቀነቀችው፣ ጎተተችው፤ ሥሩ እየተበጣጠሰ ከካዛንቺስ አፈር ጋር ወጣ። ከቆርቆሮው ቅርንጫፍ ጋር ምድጃው ላይ ጥላ እስኪነድ ቆመች። ከዚያ እጇን እስከ ክርኗ ድረስ በሳሙና ታጠበች።