በጋራ ሲነበብ

ኡስታዝ ዐረብኛ የሚያስተምርበትን ክፍል እኔ ሂሳብ ከማስተምርበት የሚለየው ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሱን ተማሪዎች ጩኸት እየሰማሁ ማባዛት አስተምሬያለሁ። «የኔዎቹ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው ስላቸው በዐረብኛ ሊመልሱልኝ ነው» እያልኩ እነዘንዘው፣ እሱም ይስቅ ነበር። ያኔ ከልቡ የሚስቅ ሰው ነበር።

ክፍሉ ጉድ ነው። የሰባት ዓመት ሕፃን፣ በቅርቡ የሰለመች ሙሽራ፣ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ በየቤታቸው ሌላ ሌላ ቋንቋ የሚያወሩ ልጆች፣ ሁሉም አንድ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። እነዚህን ሁሉ እኩል የሚያራምድበት ዘዴ አንድ ብቻ ነበር። እሱ አንድ መስመር ያነባል፣ እነሱ በአንድ ድምፅ ይደግማሉ። «ደካማው በጎበዙ ይደገፋል» ይለኝ ነበር። እኔም አምኜለት ነበር፣ ምን ልዋሽ።

ከፊት የምትቀመጥ አንዲት የልብስ ሰፊ ልጅ ነበረች። ሲያነብ ዓይኗን ከፊቱ አትነቅልም፤ እሱም በዚህ ይኮራባት ነበር። በኋላ ግን ወደ ሰሌዳው ዞሮ እየጻፈ ሲጠይቃት ዝም ትለው ጀመር። ቢጠራት ዝም፣ ቢቆጣ ዝም። ናቀችኝ ብሎ አኮረፈና ለቅጣት መጨረሻ ረድፍ ላካት። ሁለት ዓመት እዚያው ተቀመጠች። አፏ ከሁሉም ጋር ይንቀሳቀሳል፤ በዚያ ጩኸት መሃል ማን የማንን ድምፅ ይለያል?

አንድ ቀን ኡስታዝ ጉሮሮውን ታመመ። አንገቱንና አፉን በሻርፕ ጠቅልሎ፣ መጮኹ ስላቃተው አንድ በአንድ ያስነብብ ጀመር። የሷ ተራ ሲደርስ ፊቱ አቆማት፣ መስመሩን አነበበላት፤ ዝም። እኔ ማስመሪያ ልዋስ ስገባ በሩ ከእጄ አምልጦ ተላተመ። ሹፌሩ ሳይቀር ደነገጠ። እሷ ዞር እንኳ አላለችም። ኡስታዝ አየኝ፣ እኔም አየሁት።

ከእናትየው ጋር ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሙ ሁለቱንም ጆሮዎቿን አየና «መግል በልቶታል። የዛሬ ሁለት ዓመት ብታመጧት ይድን ነበር» አለ። እናትየው «ሲፈሳት ብርድ ነው ብዬ ዘይት ጠብ አደርግላት ነበር፣ ወይኔ ልጄን!» ብላ ደረቷን መታች። ኡስታዝ መንገዱን ሙሉ «ሁለት ዓመት» ብቻ ይላል። አይዞህ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም ልለው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ጥፋቱ የሱ ነበር። ባዝንለትም አናደደኝ፤ እኔም በየቀኑ ደጃፉ ላይ እያለፍኩ ስላላየሁ በራሴም ተናደድኩ።

መስማት ለተሳናቸው ልጆች ወዳለ ሩቅ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ልትሰናበተው መጣች። ባዶው ክፍል ውስጥ ፊቱ ተቀመጠችና መጽሐፉን ገለጠች። አንድ መስመር አነበበላት፣ ከንፈሩን እያየች ደገመችለት። ሁለተኛውን አነበበ፣ ደገመች። ድምፅዋ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቃሉን ግን አትስትም። ከገጹ ግማሽ ላይ ሲደርሱ እንባ ተናነቀው። እንዳታየው ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረና በተቆራረጠ ድምፅ ማንበቡን ቀጠለ።

 ልጅቷ እጅጌውን ሳብ አደረገች።

«ኡስታዝ፣ አሁንም አጠፋሁ እንዴ? ፊትዎን አያዙሩብኝ።»